የጧፍ ውታፍ

ባሌ ውታፉን የሚያነሳው በከንፈሩ ነበር። እጁን የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ከያዘው ወዲህ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ላይ ያችን ትንሽ ክብ ነገር በጣቱ መልቀም አቃተው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ በከንፈሩ ያነሳታል፤ ልብስ ሰፊ መርፌውን እንደሚይዝ ይዟት ይቆያል፤ ባሩዱን አፍስሶ ሲጨርስ ከከንፈሩ ወስዶ በሽጉጡ ቀዳዳ አፍ ላይ ያስቀምጣታል። እንዲህ ሲሆን እጁ ትንሽ ይረጋለታል።

ሽጉጡ ቀለህ የማያውቅ፣ የድሮ ዓይነት ስድስት ጎራሽ ነው። በመዘውሩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ጥቁር ባሩድ ይፈስሳል፤ በባሩዱ ላይ ውታፍ፣ በውታፉ ላይ ድቡልቡል እርሳስ ይደረግና በዘንግ ይጠቀጠቃል። በስተኋላ፣ ሲመታ እሳት የሚጭር ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋበታል። ውታፉ ከሱፍ የተቆረጠና ሰምና ሞራ የጠጣ ነው። ያለ እሱ ጥላሸቱ ደርቆ መዘውሩን ይቀረቅረዋል፤ እሳቱም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቱ ሊዘል ይችላል። ሱፉን አሜሪካ፣ ታከር ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ባርኔጣው ላይ በመብሻ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ሰሙንና ሞራውን የሚያቀልጠው እሱ ነው፤ ማንም አይነካበትም።

ይህን ሥራ ያስተማረው ከኬኔሶ ከተማ አለፍ ብሎ ባለው የተኩስ ሜዳ የሚውል፣ ጆሮው የደነቆረ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ባሌ መኪና መንዳት ከተከለከለ በኋላ የቀረችው ደስታ ይህች ብቻ ነበረች። ቅዳሜ እኔ እነዳለሁ፤ እሱ የሽጉጡን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

ታላቅ ወንድሙ ይህንን ሊወስድበት መጣ። ሰውየው ዱሉዝ ከተማ ሱቅ አለው፤ ሲናገር ደንበኛ የሚሸኝ ይመስላል።

«ስማ፣ ይኼ ነገር ሴፍ አይደለም» አለው፣ ሳሎናችን ተቀምጦ። «የሚንቀጠቀጥ እጅና ሽጉጥ አንድ ቤት አይኖሩም። እኔ ልውሰደውና ላስቀምጥልህ።»

«ጋሼ፣ የመኪናውን ቁልፍ ወሰዳችሁብኝ። ይችን ተዉልኝ።»

«እሺ፤ ማንም ሳይረዳህ ራስህ አጉርስ፤ ራስህ ተኩስ። ስድስቱም ከጮኹ አፌን እዘጋለሁ። ካልጮኹ ይዤው እሄዳለሁ። ተስማማን?»

ባሌ ተስማማ። ይችለው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ስድስቱንም ተኩሶ ሽማግሌው አጨብጭቦለታል። ወንድሙ ግን የመረጠው ቅዳሜ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ።

ባሌ ቆራቢ ነው። «በጾም ሞራ በከንፈሬ አልነካም» አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት ውታፎች ሁሉ ሞራ የጠጡ ናቸው። ያልተነካ ሰምም አልቆበት ነበር፤ ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ጧፍ ከሚተከልበት አሸዋ ላይ ቁራጭ ለቅሞ መጣ፤ በሰሊጥ ዘይት አቅልጦ አዲስ ውታፍ ነከረ። ባደግንበት አገር ጧፍ የንብ ሰም ነው፤ የቀለጠው ሰም ክሩ ላይ ሲለበጥ ሁለታችንም እያየን ነው ያደግነው። ጧፍ ከምን እንደሚሠራ ማን ይጠይቃል?

ወንድሙ ወደ ተኩስ ሜዳው ብቻውን አልመጣም። ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ምሳ በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ፣ ሠርግ የተጠራ መስሎ መጣ። እነሱም የዘመኑን ሽጉጥ ተከራይተው ወረቀት ዒላማ ላይ ይተኩሱ ነበር። ባሌ ባሩዱን ማፍሰስ ሲጀምር ከበቡት። የባሩዱ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

«ወንድሜ፣ በዚህ እጅህ ጸናጽል ቢሰጡህ ማኅሌቱን ብቻህን ታደርሰው ነበር» አለ ወንድሙ። ሁለቱ ሳቁ።

ባሌ ጎንበስ ብሎ ውታፉን በከንፈሩ አነሳ።

«እዩት! እንደ ዶሮ ይለቅማል! ጥሬ ልበትንልህ?»

የባሌ ከንፈር ላይ ውታፍ ነበር። ስድስቱን ሞላ። እርሳሱን በዘንግ ሲጠቀጥቅ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር፤ ግን ሞላ። ቆቦቹን ደፍቶ ቀና ሲል ደወል ተደወለ። ሰው ዒላማውን ሊያይ ሲሄድ ደወል ይደወላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ኋላ መቆም አለበት፤ የመጨረሻው ሰው እስኪመለስ የሚነካ የለም። የመጨረሻው ሰው ወንድሙ ነበር። ዒላማው ፊት ቆሞ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ለጓደኞቹ ያብራራል፤ በስልኩ ፎቶ ይነሳል፤ እየሳቀ ወደ እኛ ያያል። የባሌ ሽጉጥ የነሐሴ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። ባሌ እጁን ብብቱ ሥር ወትፎ ይጠብቃል።

ወንድሙ በደስታው ተመለሰ። «በል፣ ጀግናው!»

ባሌ ቃታውን ሳበ። ቆቡ ጠጭ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ጠጭ። በሦስተኛው ጥቂት ጢስ ወጣና እርሳሱ ከአፈሙዙ ተንሸራትቶ ከፊታችን ሣር ላይ ወደቀ።

«የሽማግሌ ሽንት!» አለ ወንድሙ። «እግሩ ሥር ወደቀ!» አንደኛው ጓደኛው ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። የቀሩትም አልጮኹም። ባሌ ስድስቱንም እስከ መጨረሻው ሳበ፤ ማንም አቁም ሳይለው፣ እሱም ሳያቆም።

ወንድሙና ጓደኞቹ ለምሳ ጥላ ሥር ሲሄዱ፣ ሽማግሌው አሜሪካዊ መዘውሩን ነቅሎ ቀዳዳዎቹን ያጸዳ ጀመር። የወጣው ባሩድ ሳይሆን ጥቁር ጭቃ ነበር። አንዱን ውታፍ በጣቱ አሽቶ አሸተተው።

«ይህ ሰም ከንብ አይደለም» አለን። «ከነዳጅ የሚሠራ ነው። ዘይት አይይዝም፤ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። ዘይቱ ወርዶ ባሩዱን ገድሎታል። ወዲያው ተኩሰኸው ቢሆን ኖሮ ሳይጮህልህ አይቀርም ነበር። እኔ ደህና ውታፍ እሰጥሃለሁ፤ ድገመው።»

ወንድሙ ከጥላው ሥር «ድገመው» የሚለውን ብቻ ሰማ። «ውል ውል ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አፉ ሙሉ ነበር።

ልነግረው ተነሳሁ። ባሌ ቀሚሴን ያዘ።

«የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አሳፈረኝ ብዬ ከእሱ ጋር አልከራከርም። የሚስቅበት ሌላ አትጨምሪለት። አንቺም እንዳትነግሪው።»

ወንድሙ እጁን በሶፍት ጠርጎ ሽጉጡን ከነሣጥኑ አነሳና መኪናው ኋላ ከባዶ ማቀዝቀዣው ጎን ጣለው። ሲሰናበት የወንድሙን የሚንቀጠቀጥ እጅ በሁለት እጁ ይዞ «አሁን አረፍክ» አለው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ከንፈሩን አንዳች ነገር የያዘ ይመስል ገጥሞ ይውላል። «ምን ያዝክ?» ስለው ከንፈሩን ይፈታና «ምንም» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይገጥመዋል። የዚያ ዓመት ብርድ ሳይወጣ መዋጥ አቃተው። ሆስፒታል ነርሷ በእርጥብ ስፖንጅ ከንፈሩን ልታርስለት ስትሞክር ስፖንጁን በከንፈሩ አጥብቆ ያዘው፤ አልለቅም አለ። ነርሷ ሳቀች። እኔ ለምን እንደማይለቅ አውቅ ነበር።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ወንድሙ ነው። «ጀግናው ወንድሜ! ተኳሹ!» እያለ ደረቱን ደቃ። ሰዎች «ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ። ውኃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ጠፋሁ አይደል? ቢዚ ሆኜ ነው።»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«ያችን ሽጉጥ መተኮስ ጀመርኩ እኮ! ለማስታወሻው ብዬ። ግን ትንሽ እንደተኮስኩ ትቀረቀራለች። ፈረንጆቹ ይስቁብኛል። ነሐሴ ላይ ሰው የሚሰበሰብበት ትልቅ ውድድር አለ፤ ልመዝገብ አስቤያለሁ። ያን ውታፍ እንዴት ነበር የምትሠሩት?»

ማቀዝቀዣዬ ውስጥ፣ ከበርበሬው ኋላ፣ ባሌ ከዚያ ጾም በፊት የነከራቸው ውታፎች በቆርቆሯቸው አሉ። ሞራውና የንብ ሰሙ አንድ ላይ ረግተው የቆየ ቅቤ መስለዋል። አልፎ አልፎ ክዳኑን ከፍቼ አሸትታቸዋለሁ።

«ቀላል ነው» አልኩት። «ጧፍ።»

«የምን ጧፍ?»

«የቤተ ክርስቲያን። ቁራጩን ይልቀሙና በሰሊጥ ዘይት ያቅልጡት። ዘይቱን አይሰስቱ።»

«ሞራ የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ…»

«ወንድምዎ ጾመኛ ነበር፣ ጋሼ። በጧፍ ነው የሠራው።»

 ድምፁ ተሰበረ። «ነፍሱን ይማረው። በረከት አለበት ማለት ነው።»

«አሜን» አልኩ።

ውድድሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። እኔም እንደምመጣ፣ ምሳ በማቀዝቀዣ ሣጥን እንደምይዝ ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። ጓደኞቹንም እንዲጠራ አሳሰብኩት።