ሥራ የለመደ ግራ እግር

ጋሼ ግትር ናቸው። የአክስቴ ባል ናቸውና ላማቸው ፈልጌ አይደለም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት የፖስታ ቤት መኪና ነድተው ጡረታ ወጡ፤ መሪ ግን አልለቀቁም። አክስቴ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስቴ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ጋሼም እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው አያመላልስሽም ብለው ማሉላት።

የሚያመላልሷት «ቁንጫ» በምንላት፣ በዕድሜ ታላቄ በሆነች ትንሽ መኪና ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ወለሏ ተበስቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሳትለመን አትነሳም። ጋሼ ሕመሟን በድምፅ ብቻ ያውቁታል። ባለፈው ሐሙስ ግን መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አክስቴ የማሽን ተራዋ አለፋትና እስከ ቅዳሜ እግሯ አብጦ ስታቃስት ሰነበተች።

ልጃቸው ይህን ሲሰማ ሃችባክ የሚሏት ዓይነት አዲስ መኪና ገዝቶ ደጃፋቸው አቆመላቸው። ኋላዋ ሙሉ በር ነው፣ ድምፅ የላትም፣ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች። ጋሼ ሁለቴ ዞረው አዩዋትና፣ ያቺ መኪና ናት፣ ይቺ ፍሪጅ ናት አሉ።

ሰኞ ለታ አውቶማቲክ የለመድኩ እኔ ነኝና ልንዳ ብል፣ መንዳት ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ ብለው አፌን አስዘጉኝ። አክስቴን ከኋላ አስቀመጥናት። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ሊቀንሱ አሰቡ። ዕድሜ ልኩን ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የረገጠው ግራ እግራቸው ሳይጠይቃቸው ተነሳ። ፍሪሲዮን የለም። ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑ ላይ አረፈ። መኪናዋ እዚያው ተተከለች፣ አክስቴ ግንባሯ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ፣ ከኋላ የነበረው የጭነት መኪና እያጓራ መጥቶ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«ጋሼ፣ ሊገድሏት ነው እንዴ?» አልኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ጮኬባቸዋለሁ።

ተራዋ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። እንደገና ነዱ፤ መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርሱ ያ እግር እንደገና ተነሳ። አሁን ግን ራሳቸው አዩት። ጭናቸውን በእጃቸው ጫን አድርገው ያዙና መኪናዋን ቀስ ብለው ጥግ አስያዟት።

«ንጂ» አሉኝ።

ወርደው ከአክስቴ ጎን ገቡ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እጃቸው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶታል። እኔም መሪውን ስይዝ የነጠቅኳቸው መሰለኝ።

«ምዬልሽ ነበር» አሏት።

አክስቴ ክንዳቸውን ሳብ አደረገች። «አርባ ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ያየሁት ቀኝ ጆሮህን ብቻ ነው» አለች። «ዛሬ እንኳ ፊትህን ልየው።»

ዞሩላት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ብቻ አየሁ፤ ተራዋ ሳይደርስ ሆስፒታል ገባን።