አርማው፣ ከርነሉና የገርባ ሽንኩርት

አዳማ ውስጥ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ያቃታት ሴት ብትኖር ኤቢሴ ናት። ነርስ ብትሆን መርፌ ትወጋለች ይባላል፤ ባንክ ብትሠራ ብር ትቆጥራለች። እሷ ግን የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ፣ በሳጥኑ ሜሞሪ ውስጥ የቱ ነገር የት እንደሚቀመጥ ትወስናለች። ይህን መጀመሪያ ለእናቷ ለወይዘሮ ዘርፉ ስትነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ "ታዲያ ዕቃ ለመደርደር ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ? እኔም አስተምርሽ አልነበር?" አሏት። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ኮምፒውተር ቤት ነው የምትውለው" ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

እውነቱን ለመናገር እናትየው ብዙም አልተሳሳቱም። ኤቢሴ ለሰውም ለዕቃም ቦታ ካልሰጠች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሚኒባስ ስትሳፈር መጀመሪያ የምታጣራው ማን ቀድሞ እንደሚወርድ ነው። ሞጆ ወራጁን ወደ በሩ አስጠግታ፣ ባቱ የሚሄደውን ወደ ኋላ ልካ ካልሆነ አትቀመጥም። ረዳቶቹ ስለለመዷት ገና ከሩቅ ሲያዩዋት "ትራፊኳ መጣች" ይባባላሉ። ሠላሳ ዓመት አልፏት ያላገባችው በዚህ ጠባይዋ ነው የሚሉ አሉ፤ አንድ እጮኛዋ፣ ቤቱ ሄዳ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ዕቃ ብትደረድርለት፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ሳይደውልላት ቀርቷል ይባላል።

ሥራዋ ግን የዋዛ አይደለም። ሳጥኑ ርካሽ ስለሆነ ሜሞሪው ጠባብ ነው። ሳጥኑን የሚያንቀሳቅሰው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ከርነል የሚሉት፣ ታጭቆ ይቀመጥና ኤሌክትሪክ ሲበራ ራሱን በራሱ ይዘረጋል። ጣጣው የሚመጣው ሲዘረጋ ነው። በጠባብ ክፍል ሻንጣ እንደመፍታት ነው። ልብሱን ከግድግዳው ጀምረህ ወለሉ ላይ እያነጠፍክ ስትመጣ፣ ሻንጣው ባዶ ሳይሆን ልብሱ ሻንጣው ላይ ከደረሰ ክዳኑ ይከደናል፤ የቀረው ልብስ እዚያው ይቀራል። ከርነል ደግሞ ግማሽ ከተዘረጋ ምንም አልተዘረጋም። ስለዚህ ኤቢሴ የሚዘረጋውን ከፊት፣ የታጨቀውን ከኋላ አድርጋ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይረግጠው መሃል ላይ መፈናፈኛ ትተዋለች። ያቺን መፈናፈኛ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት።

አለቃዋ አቶ መርዳሳ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ወደዚህ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ዕድሜያቸውን የፈጁት ምርቃትና ስብሰባ በማሰናዳት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከምር የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ማን የት እንደሚቀመጥ ነው፤ በዚህስ ከኤቢሴ ጋር ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ እሷ የምታየው ማን ቀድሞ እንደሚወርድ ሲሆን እሳቸው የሚያዩት ማን ከፍ እንደሚል ነው።

አንድ ቀን የሜሞሪውን አቀማመጥ እንድታስረዳቸው ጠሯት።

"ከፊት ከርነሉ ይዘረጋል" አለች። "ቀጥሎ ባዶ የምንይዘው ክፍል አለ። ፋይሉ ውስጥ ምንም የለውም፤ ሜሞሪ ውስጥ ግን ቦታው ይጠበቅለታል።"

"ለማን ነው የሚጠበቀው?"

"ገና ላልመጣ ዳታ።"

የአቶ መርዳሳ ፊት በራ። "እሱማ ይገባኛል። ባይመጡም ቦታቸው ይከበራል።" ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ በትክክል የገባቸው ይህ ብቻ ነበር። ወዲያው ግን ቅንድባቸውን አኮማተሩ። "ፊት ላይ ግን ለምን ከርነል? ማን ያየዋል? የተባባሪ መሥሪያ ቤቶቻችን አርማ ነው ፊት መሆን ያለበት።"

አርማ ፊት ከገባ ከርነሉ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከርነሉ በተገፋ ቁጥር መፈናፈኛዋ ትጠባለች። ይህን ብትነግራቸው "አንቺ ሁሉን ነገር ታከብጃለሽ" አሏት። ሦስት አርማ ገባ። ጎን ለጎን ቢደረደሩ ባልከፋ፤ ግን አንዱም መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር የሳጥኑን ስክሪን ገጽ መጋራትን አልፈቀደም። እያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ይዞ በተራ እንዲታይ ተወሰነ። ኤቢሴ ከዚህም ከዚያም ቆንጥራ አብቃቃችው። ሳጥኑም ሠራ።

የመጀመሪያው ሳጥን የሚመረቀው ባቱ መንገድ ላይ ባለችው ዓለም ጤና፣ በኦቦ ገርባ የሽንኩርት ማሳ ነበር። ገርባ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። ሳጥኑ ሲተከል የድሮው የፓምፕ ማብሪያ ተነቅሎ ተወሰደ። በዚያ ላይ የእንግዶች ጫማ ጭቃ እንዳይነካው ተብሎ ማሳው ከሳምንት በፊት ጀምሮ ውሃ ተከለከለ። ኤቢሴ በዕለቱ ጠዋት ስትደርስ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ" አሏት ገርባ። "ዛሬ ካልጠጣ ነገ ሽንኩርት አትበዪው። ለከብት ነው የሚሆነው።"

"ዛሬ ይጠጣል፣ ኦቦ ገርባ" አለች አፏን ሞልታ።

ቀና ስትል ድንኳኑን አየችው። ከውሃው ጉድጓድ እስከ ሽንኩርቱ መደብ ድረስ ያለው ሜዳ ላይ ተንጣሎ ተተክሏል፤ ሶፋው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ምንጣፉ ቀይ ነው። ውሃው የሚሄድበት ዋናው ቦይ የለም። አቶ መርዳሳ አፈር አስሞልተው አስደልድለውት ምንጣፉን ያነጠፉት በቦዩ ላይ ነው።

"አቶ መርዳሳ፣ ውሃው በየት ሊሄድ ነው?"

"ውሃው ይጠብቃል" አሉ። "እንግዶች ግን አይጠብቁም። ይልቅ ነይ፣ አንድ ኃላፊ ተጨምረዋል፤ አርማቸውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ቶሎ አስገቢው።"

"አይበቃም። መፈናፈኛ የለንም።"

"ጠጋ ጠጋ ማለት ነው እንጂ" አሉ፣ ሰው በሞላበት ሶፋ ላይ ስድስተኛ እንግዳ ለማስቀመጥ እንደለመዱት። "ቦታ ያጣ አርማ እኔንም አንቺንም ሥራ ያሳጣናል።"

ኤቢሴ እናቷን አሰበች፤ የቤት ኪራዩን አሰበች። ላፕቶፗን ከፈተችና አርማውን አስገባች። የተጨመረው አርማ ከርነሉን ወደ ኋላ ገፋው፤ መፈናፈኛዋ አለቀች። መሞከሪያ ጊዜ አልነበረም፤ መኪኖቹ ደርሰዋል። አርማ የሌለበትን የቀድሞውን ስሪት የያዘችውን ሜሞሪ ካርድ ግን ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። በራሷ እጅግ አፈረች።

ንግግሩ ተደረገ። ሪባኑ ተቆረጠ። ማብሪያው ሲጫን የመጀመሪያው አርማ ብቅ አለ፤ ተጨበጨበ። ሁለተኛው መጣ፤ ተጨበጨበ። ሦስተኛው፣ ከዚያም አዲሱ። አዲሱ ላይ ሳጥኑ ቀጥ አለ። ከርነሉ ሲዘረጋ መጥቶ ገና ያልወጣውን የራሱን ክፍል ረገጠው፤ በዚያው ድርቅ ብሎ ቀረ።

ከኤቢሴ በቀር ግን ማንም ልብ አላለም። ዘግይተው የተጨመሩት ኃላፊ አርማቸው ከስክሪኑ ንቅንቅ እንዳላለ ሲያዩ ደረታቸውን ነፉ። ሌሎቹ ለምን የእሱ ብቻ ብለው በዓይናቸው ተጠቃቀሱ። ፎቶ ተነሳ። አቶ መርዳሳ በማይክሮፎን፣ "እንደምታዩት ቴክኖሎጂው አስተማማኝ ነው" አሉና እንግዶቹን ለምሳ ወደ ድንኳኑ ጋበዙ። በግና ዓሣ ቀረበ፤ ዓሣው ከባቱ የመጣ ነበር።

ፓምፑ አጠገብ የቀሩት ገርባና ኤቢሴ ብቻ ነበሩ። ገርባ ሳጥኑን አዩት፤ ከዚያ የውሃ ቧንቧውን አፍ አዩት።

"ቢሻኑስ?" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃውስ፣ ልጄ?"

ምን ትበላቸው? ካርዷ ኪሷ ውስጥ ናት። ካርዱን ቀይራ ብታበራው ፓምፑ ይነሳል። ፓምፑ ከተነሳ ግን ውሃው የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ኃላፊዎቹ በግ እየበሉ ነው። ብትጠብቅ ምሳው፣ ከምሳው በኋላ ምስጋናው፣ ከምስጋናው በኋላ ስጦታው አለ። መብራቱም ከሰዓት በኋላ መቆየቱን ማን አውቆ። ሽንኩርቱን ዞር ብላ አየችው። የሽንኩርቱ ቦታ ያለ አግባብ ተወስዶበታል፤ የወሰዱበት ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋት ላፕቶፗ ላይ ዝም ያለችው ይበቃታል።

"ኦቦ ገርባ፣ ውሃው መጀመሪያ ድንኳኑ ውስጥ ነው የሚገባው" አለቻቸው።

ገርባ ድንኳኑን ረጋ ብለው ተመለከቱት። "ማሳው የእኔ ነው" አሉ። "ይግባ።"

ካርዷን ቀየረች። ሳጥኑ ያለ አንዳች አርማ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ በጥቃቅን ነጭ ፊደል ተነሳ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ቧንቧው አሳለና ውሃውን ተፋው። ውሃው በድሮ መንገዱ መጥቶ ቦዩን ከደፈነው አፈር ጋር ትንሽ ተጋፋ፤ ከዚያ ምንጣፉን ከሥር አነሳውና ገባ።

መጀመሪያ የጮኸው አስተናጋጁ ነው። ቀጥሎ ኃላፊዎቹ በየተራ እግራቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ሳህናቸውን ግን አለቀቁም። አቶ መርዳሳ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውን ወደ ኤቢሴ ቀስረው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንደኛው ኃላፊ ቀደሟቸው። ሰውየው ሊያስመርቁ የመጡት ይህንኑ ውሃ መሆኑ ትዝ ብሏቸዋል፤ ካሜራውም ወደ እሳቸው ዞሯል። ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌሎቹም እግራቸውን እንዳንጠለጠሉ አጨበጨቡ። አቶ መርዳሳም የተቀሰረውን እጃቸውን ወደ ጭብጨባ ለወጡት።

ውሃው አፈሩን በጥሶ በድንኳኑ በሌላው ወገን ወጣና መደቡ ውስጥ ተበተነ። ገርባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሽንኩርቱ ሥር ያለውን አፈር ዳበስ አደረጉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኗት።

ሰኞ አቶ መርዳሳ ቢሮ አስጠሯት። መባረሬ ነው ብላ ዕቃዋን ሰብስባ ገባች። ሰውየው የሚቀጥለውን ምርቃት የቦታ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል።

"ሳጥኑ ላይ ምንም አርማ አይግባ" አሉ ቀና ሳይሉ። "በስቲከር ከላይ ይለጠፋል። ድንኳኑን ደግሞ ከአሁን በኋላ የት እንደሚተከል የምትወስኚው አንቺ ነሽ።"

ቅጣት ይሁን ሹመት አልገባትም። ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ ዘርፉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ተመስገን" አሉ። "ለሰው የሚነገር ሥራ አገኘሽ።"