ያልደረቀው ሬንጅ

አምና ግንቦት ውስጥ ነው የሆነው፤ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት። ዛሬም ሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ሳይ ‹‹ውረድ!›› ብዬ እጮኻለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ የሚገባው ያን ቀን ግቢያችን የነበረ ሰው ብቻ ነው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ እህል ይነግዳል። ቤታችንን ሲሠራ፣ ‹‹አላህ ሲሰጠን ፎቅ እንቀጥልበታለን›› ብሎ ጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይሆን ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሶሌታ አስደረገው። ፎቁ እስካሁን አልመጣም። የፌሮ ብረቶቹ በየማዕዘኑ ሰማይ ሰማይ እያዩ ቆመዋል፤ ዙሪያውን መከለያ እንኳ የለውም። የመጣልን ነገር ቢኖር ፍሳሽ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው ሶሌታው ላይ ይተኛና በስንጥቁ እየሰረገ መኝታ ቤታችን ይወርዳል። አልጋችንን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ስንገፋ ስንት ክረምት አለፈ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ከቡሬ አንድ ባለሙያ አፈላልጎ አመጣ። አያ ይርጋ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ቢሆንም መሰላል ላይ ሲወጡ ላያቸው ጎረምሳ ይመስላሉ። የተደፈነውን የውኃ መውረጃ ከፈቱ፤ ስንጥቁን እየፈለፈሉ በሲሚንቶ ሞሉት። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ በርሜል ጥደው ሬንጅ አቀለጡ። በመሰላሉ በኩል ያለውን ግማሽ በመጀመሪያው ቀን ቀቡና አሸዋ አለበሱት። በመንገዱ በኩል ያለው ለማግስቱ ቀረ።

ሐያት የምትባል የመጨረሻ ልጅ አለችኝ። ያኔ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ እግሯ አያርፍም። በርሜሉ ጋ እየሄደች ስታስቸግረኝ፣ ‹‹ዋ! እኝህ ሰውዬ ልጅ በሬንጅ ይቀባሉ! በጆንያ ከተው ቡሬ ይወስዱሻል!›› አልኳት። አመነችኝ። የአያ ይርጋን ጥቁር እጅ ስታይ ሮጣ አልጋ ሥር ትገባለች። እኔም ደስ አለኝ፤ በነፃ ሞግዚት ያገኘሁ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ቡሬ ገበያ ሄዷል። አያ ይርጋ በመንገዱ በኩል ያለውን ቀብተው ሲጨርሱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከታች ሆኜ ተጣራሁ።

‹‹አያ ይርጋ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚደርቀው? ከጧት ጀምሮ ሽታው ገደለን እኮ!››

‹‹አሸዋ ሳይለብስ እንዲህ እንደተጣበቀ ነው የሚውለው። በትኜበት ልውረድ።››

‹‹ምሳው ይቀዘቅዛል!››

‹‹ትንሽ ናት የቀረችኝ።››

‹‹በሞቴ አያ ይርጋ!››

በሞቴ ከተባለ እንግዲህ ሰው ምን ያደርጋል? ወረዱ። መሰላሉን ሊያነሱ ያዝ ሲያደርጉት፣ ‹‹ይተዉት፣ አሁን ሊመለሱበት አይደል!›› ብዬ ወደ እጅ መታጠቢያው ወሰድኳቸው።

‹‹ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም›› አልኳቸው፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው።

‹‹ሽሮ ሃይማኖት የላትም›› አሉና ቁጭ አሉ።

እንዲበሉልኝ እለምናለሁ፣ እሳቸው በቃኝ ይላሉ፣ እኔ እጨምራለሁ። ሐያት እንደ ልማዷ አልጋ ሥር ናት ብዬ ተዘናግቻለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሽሮ ስጨምር፣ ‹‹እማ!›› የሚል ድምፅ ሰማሁ።

‹‹አቤት፣ ነይ ውጪ፣ ምንም አያደርጉሽም።››

‹‹እማ! እግሬ እምቢ አለ!››

ድምፁ ከመኝታ ቤት አልነበረም። ከአናታችን በላይ ነው።

ከቤት እንዴት ሮጬ ግቢ እንደደረስኩ አላውቅም። ልጄ ሶሌታው ላይ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ አንዲት እርምጃ ያህል ቀርቷት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ከበታቿ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ነው። ባጃጅ ልይ ብላ ነው ለካ የወጣችው።

አያ ይርጋ ሽሮው ከእጃቸው ሳይጸዳ መሰላሉን ሁለት ሁለት እርከን እየዘለሉ ወጡ። አናታቸው ብቅ ሲል፣ ‹‹አይቀባኝ! አይቀባኝ!›› ብላ ጮኸች። ወገቧን ወደ ጠርዙ ስታዞር ከታች አየኋት። እሳቸውም አዩ። ቶሎ ብለው ወረዱ።

‹‹እኔ ከወጣሁ ትሸሸኛለች፤ መሸሻዋ ደግሞ በወዲያ ነው። አንቺ ውጪ።››

‹‹እኔ?››

መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ የማልወጣ ሴት ነኝ። መጋረጃውን የሚሰቅለው ባለቤቴ ነው።

‹‹መሰላሉን እኔ ይዣለሁ፤ ውጪ፣ እታለም።››

ቢስሚላህ ብዬ አንዱን ረገጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ ሁለተኛውን። ከዚያ በኋላ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያንቀጠቅጥ አልለየሁም።

‹‹ወደ ታች አትዪ! ልጅቷን አነጋግሪያት!›› ይሉኛል።

‹‹ምን ልበላት?››

‹‹የፈለግሽውን! ከረሜላ በያት!››

‹‹ሐያትዬ፣ ከረሜላ ልስጥሽ?››

‹‹ስንት?››

‹‹ሁለት።››

‹‹አራት።››

የነጋዴ ልጅ አይደለች! ‹‹አራት! አራት እሰጥሻለሁ፣ ብቻ እንዳትነቃነቂ!›› አልኩ።

ላይ ስደርስ መቆም አቃተኝ። አሸዋ በለበሰው በኩል በአራት እግሬ እየዳህኩ ሄድኩ። አሸዋው አለቀና እጄ ሬንጁ ውስጥ ገባ። ትኩሱ ወጥቶለታል፤ ግን እንደ ማር ይይዛል። አንዱን እጄን ሳላቅቅ ሌላው ይያዛል። ሻሼ ወልቆ እዚያው ተጣበቀ፣ ትቼው አለፍኩ። ስደርስባት ነው ‹‹እግሬ እምቢ አለ›› ያለችው የገባኝ። የላስቲክ ጫማዎቿ ሁለቱም ሬንጁ ላይ ተጣብቀዋል፤ ጫማው ባለ ማሰሪያ ነውና እግሯ ሊወጣላት አልቻለም። እሳቸውን ሽሽት ስትዞር ወገቧ ብቻ ነው የዞረው። ሬንጁ ባይዛት ኖሮ... አላህ ያውቃል።

ማሰሪያውን ፈትቼ ከጫማዋ መዝዤ አወጣኋትና እቅፌ ውስጥ ደበቅኳት። ልመለስ ስል ቀሚሴ እምቢ አለ። ልጄን አቅፌ እንደ ዝንብ ተጣብቄ ቀረሁ።

‹‹አያ ይርጋ! እኔንም ያዘኝ!››

አሸዋ የሞላ ባልዲ ይዘው ወጡ። አልቸኮሉም፤ እንደ ጤፍ ዘሪ እፍኝ እፍኝ እየበተኑ፣ የበተኑበትን እየረገጡ ወደ እኛ መጡ። ሐያት ፊቷን አንገቴ ውስጥ ቀበረች። ልጅ ይዤ መሰላል መውረድ እንደማልችል እሳቸውም አውቀዋል።

‹‹ነይ ልጄ፣ እኔ ላውርድሽ›› አሏት።

‹‹ይቀቡኛል!››

አያ ይርጋ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ‹‹ምን ቦታ ቀርቶሽ ነው የምቀባሽ? ራስሽ ቀብተሽ ጨርሰሽዋል እኮ!››

እጇን አየች፣ ሆዷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል እንጃ፤ ብቻ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እጇን ዘርግታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሷን አውርደው ተመለሱና እኔንም ከሬንጁ አላቀው በመሰላሉ አወረዱኝ።

ጎረቤቴ እትየ ጥሩ ጩኸቴን ሰምታ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዛ ደረሰች። እኔንና ልጄን ጎን ለጎን አስቀምጣ እንደ ጠቆረ ድስት ፈተገችን። ‹‹አይዞሽ፣ ክረምቱን ሙሉ አታፈሺም›› እያለች ሰፈሩን ታስቃለች። ማምሻውን ባለቤቴ ከቡሬ ሲመለስ ደግሞ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየና፣ ‹‹ቤቱን ነው ያስቀባሽው ወይስ ራስሽን?›› አለኝ።

አያ ይርጋ፣ ‹‹መሰላሉን መተው አልነበረብኝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው›› ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። በእሳቸው ሳስፈራራት እንደነበር ተናዘዝኩ። እሳቸውም፣ ‹‹እኔስ ልጅቷ ባየችኝ ቁጥር ስትሮጥ፣ መልኬ ይህን ያህል ተበላሽቷል ወይ እያልኩ ነበር›› አሉ። በሳቅ ፈረስን። እኔ ግን ውስጤ አፍሮ ነበር፤ ዛሬም ያፍራል።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ቤቱ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ጣሪያውን የሠሩልን እሳቸው ናቸው፤ ልጄን ጠርዙ ላይ አስሮ ያቆየልኝም በእጃቸው የቀቡት ሬንጅ ነው፤ መቼ ነው የሚደርቀው እያልኩ የተነጫነጭኩበት። ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም፤ ለፍኖተ ሰላም ገበያ በመጡ ቁጥር ግን ምሳ ሳይበሉ አያልፉም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቼን በሰው ማስፈራራት ትቻለሁ። ግድ ከሆነብኝ በጅብ ነው። ጅብ ቢያንስ ምሳ አይጋበዝም።