ዴቭ ዘንድ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮሎራዶ ካለችው ከቶርንተን አንድ ወጣት ደወለና «ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ። እኔን ሽማግሌ! ገና ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም፤ ፀጉሬ ነው ቀድሞኝ የሄደው። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም በወጣትነቴ ሽማግሌ ልኬ አውቃለሁ። ያውም ሚስት ለመጠየቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንጅ ጎረቤቴን ይቅርታ ለመለመን ነው።

ያኔ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነበር የምኖረው። ከእኔ በታች ዴቭና ጂም ይኖሩ ነበር። ዴቭ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ባስ ሾፌር ነው፤ ጂም ደግሞ ልቡን የሚያመው፣ ወጥ መሥራት የሚወድ ቀልደኛ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ገብቶኛል፣ ግን እንዳልገባው ሰው ሆኜ ነበር የምኖረው። እኛ በዚህ ማን ይችለናል! በበረዶ መንዳት ያስተማረኝ ዴቭ ነው፤ «ፍሬኑን ቀስ፤ መኪናዋን አታስደንግጣት» እያለ። ዜግነት የተቀበልኩ ቀን ክራቫቴን ያሰረልኝም እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩ ዕለት መኪናዬ አልነሣ ብላ ዴቭ ወሰደኝ። የምርጫው ወረቀት የትየለሌ ነበር፤ ግማሹ ስለምን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ጥያቄ ግን ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው የሚል ቃል በኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ይግባ ወይስ አይግባ የሚል። የአገር ልጅ በተሰበሰበበት ሁሉ ይግባ እየተባለ ስለዚሁ ሲወራ ነው የከረመው። ይኼማ ምን ማሰብ ይፈልጋል ብዬ «ይግባ» የሚለውን አጠቆርኩ። ስወጣ ዴቭ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለህ፣ ዜጋው» አለኝ። ምን እንደመረጥኩ አልጠየቀኝም።

ሕጉ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ዴቭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጂም ሆስፒታል ቢገባና አንተ ምኑ ነህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። «አንድ ቀን እንጋባለን ብዬ ነበር።»

ሥራ ረፈደብኝ ብዬ አልፌው ወረድኩ። ያን ቀን ግሌንዴል ባለው የሥራ ቦታዬ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ስውል ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ያጎረሰኝን እጅ ነው የነከስኩት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

የበደለ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል፤ እኔ ሌላ መንገድ አላውቅም። ሁለት ሰዎች ለመንኩ፤ አዲስ አበባ የተማሩትን ኤርትራዊ ታክሲ ነጂ አቶ ተስፋይንና የእድራችንን አባል ጋሽ ታደሰን። ጋሽ ታደሰ «እኔስ እንደ እሱ አይደል የመረጥኩት? ምን ብዬ ላስታርቅ?» አሉ። አቶ ተስፋይ ግን «ልጁ ጎረቤቱን አስቀይሟል። በል ኮትህን ልበስ» አሏቸው።

እሑድ ዕለት ዴቭ በሩን ሲከፍት ሁለት አዛውንት ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ እኔ ከኋላ አቀርቅሬያለሁ። አቶ ተስፋይ በታክሲ እንግሊዝኛቸው አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ዴቭ በትከሻቸው አሻግሮ አየኝ።

«ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

በሩን ዘጋው። አለቀልኝ አልኩ። አቶ ተስፋይ ግን ደስ ብሏቸው «ቁም ነገረኛ ሰው ነው» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የተበደለ የለም። ሳምንት እንመለሳለን።»

በሳምንቱም ሄድን፤ የሚከፍት ጠፋ። በሦስተኛው እሑድ በረዶ እየጣለ ነበር። አሁን የከፈተው ጂም ነው። «ዴቭ፣ እነዚህ ሰዎች በብርድ ሊያልቁ ነው፤ ይግቡ» አለ። ገቡ፤ ወንበር ሲሰጣቸው ግን አንቀመጥም አሉ።

ዴቭ ግራ ገብቶት «ምን ሆነው ነው የማይቀመጡት?» አለኝ።

«ይቅር እስክትለኝ ነው።»

ዴቭ ወንበሮቹን አስጠጋላቸውና «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። «ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ለእኔ ያልከውን ለወገኖችህም ንገራቸው። እነሱ ሲያወሩ ሰምተህ አይደል የመረጥከው?»

«እሺ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ከታረቁ በኋላ አብሮ መቅመስ ደንብ ነው፤ ጂም የኮሎራዶውን የአረንጓዴ ቃሪያ ወጥ አቀረበ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ወጡ ደግሞ ያለቀለት የአሳማ ነው። አቶ ተስፋይ ሳህኑን አዩ፣ ጋሽ ታደሰን አዩ፣ ከዳቦው ቆርሰው «በጣም ይጥማል» አሉ።

አቶ ተስፋይ አሁን በሕይወት የሉም። ጂምም አርፏል፤ ግን ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ተጋብተው ስለነበር በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዴቭን ምኑ ነህ ያለው የለም። ያ ሕገ መንግሥቱ ላይ የቀረው ቃልም ከጊዜ በኋላ በሕዝብ ድምፅ ተሰርዟል፤ ይሰረዝ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ በዚያ እኮራለሁ። እሺ ያልኩትን ግን አልፈጸምኩም። በእድሩ ስብሰባ ስንት ጊዜ እጄን አውጥቼ ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ ወንበር ተናግሬ ተቀምጫለሁ። ዴቭ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰኝም።

ቃሉን የበላ ሰው ሌላውን ላስታርቅ ብሎ አይነሣም። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። በዴቭና በጂም ላይ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ የእናንተን ወሬ ሰምቼ፣ በገዛ እጄ። በድያቸዋለሁ።