ሰማያዊ ክር ያለው ቁልፍ

ያ ሰውዬ ሲያረጅ ማየት ደስ ይለኛል። እንዲህ ብዬ ስጀምር ክፉ ሴት እንደምመስል አውቃለሁ። ልምሰል።

ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ ውስጥ እኛ የምናውቀው የሮለር ሜዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም እሱ ነው። ሜዳው በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ የፈሰሰ ክብ ሲሚንቶ ነው። አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ የተጫነ፣ በወጉ ያልተነፋ ስለነበር የትኛው ጥግ ላይ የትኛው ጠጠር ብቅ እንዳለ በቃላችን እናውቅ ነበር። ሮለሩ እንደ ዛሬው ጫማ አይደለም፤ አራት ጎማ ያለው ብረት ነው። ከነጫማችን እንቆምበታለን፣ ባለሜዳው ይንበረከክና ብረቱን በቁልፍ አዙሮ ጫማችን ላይ ያጠብቀዋል። ቁልፉ አንድ ነው። በሰማያዊ ክር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እሱ ካልመጣ ማንም ንቅንቅ አይልም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ አጥልቄ ወንዶቹን ሁሉ እቀድማቸው ነበር። ጎረቤት ለአባቴ «ሴት ልጅህን ሰብስብ እንጂ» ሲለው፣ አባቴ ከትንሿ ሱቁ ውስጥ ሆኖ «አቦ ተዋት፣ ትሩጥበት» ይል ነበር። ይህን ያስታወስኩት አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለሜዳው ለኔ አጥብቆልኝ ጫት ወደሚቅምበት ክፍል ገባ። ሙቀት ነው፤ ክሩ አንገቱን በልቶት ሳያወልቀው አልቀረም። ሲወጣ ቁልፉ የለም። ግቢው ተፈተሸ፣ ኪሳችን ተገለበጠ። በመጨረሻ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «መጨረሻ ያጠበቅኩት ለሷ ነው። አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት» አለ። አባቴን አስጠራው።

አባቴ የሱቁን ሚዛን እንኳ ሳያነሳ ነው የመጣው። ልጆቹ ሁሉ ከበውናል። «ልጅህ ሌባ ናት» አለው ባለሜዳው። «ወላሂ አልወሰድኩም» አልኩ፤ ደጋግሜ ማልኩ። አባቴ አንድ ጊዜ አየኝና ወደ ሰውየው ዞረ። «አፉ በለን» አለው። ይቅር በለን ማለት ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ሳይኖር።

ከዚያ ወደ ቤት ሊወስደኝ ጎንበስ አለ። ሮለሩ ግን በቁልፍ የጠበቀ ነው፤ ያለ ቁልፍ አይላላም። ስለዚህ እግሬን ከጫማዬ ውስጥ መዞ አወጣው። ጫማዎቼ በብረቱ እንደተነከሱ ሜዳው መሐል ቀሩ። በድሬ ፀሐይ፣ አስፋልቱ በሚግልበት ሰዓት፣ በባዶ እግሬ ከአባቴ ኋላ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ። አንዴም ዞሮ አላየኝም።

ሜዳው ሳምንት ተዘጋ። ልጆቹ በኔ ምክንያት እንደተዘጋባቸው ስለሚያምኑ መንገድ ላይ «ሌባ» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። በሳምንቱ «አዲስ ቁልፍ አሠራሁ» ብሎ ከፈተ። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አጮልቄ አየሁት። ያው ቁልፍ ነው፣ በዚያው ሰማያዊ ክር፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረችው ቋጠሮ እንኳ አልተነካችም። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። «ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይባልም» አለኝ።

አባቴ ስለዚያ ቀን ደግሞ አላነሳም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ግን ሱቁን ለኔ ትቶ ለሶላት ሲወጣ የገንዘቡን መሳቢያ መቆለፍ ጀመረ። እስኪሞት ድረስ ቆለፈው።

ባለሜዳውን ላጠፋው ማልኩ። ዓመታት ፈጀብኝ እንጂ አልቀረም። ታይዋን ገበያ ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ ያስመጣሁት ዕቃ አዲሱ ሮለር ነው፤ ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረ፣ በማሰሪያ ጠቅ ተደርጎ የሚዘጋ፣ ቁልፍ የማይፈልግ። ለልጆች በመጣበት ዋጋ ሸጥኩት። ጎረቤቶቼ አበደች አሉ። ልጆቹ ሜዳውን ትተው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ለጥ ባለው አስፋልት ላይ ፈሰሱ። ባለሜዳው ሙዚቃ አስገባ፣ ጭማቂ መሸጥ ጀመረ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባ። ማንም አልመጣለትም። በመጨረሻ ሜዳው የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች የሽንኩርት መጋዘን ሆነ። ባጃጅ ስሳፈር በዚያ በኩል እንዲዞርልኝ ሾፌሩን እለምን ነበር። የሽንኩርቱ ሽታ እስከ ልቤ ድረስ ይገባ ነበር።

ከዚያ ከራሴ ሱቅ ያወጣሁትን ሮለር ያደረገች ልጄን አስፋልት ላይ ባጃጅ ገጫት። ክንዷ ተሰበረ። ጀሶ ሲያስሩላት አጠገቧ ቆሜ ያ ጠጠራም ሲሚንቶ ትዝ አለኝ። እዚያ ጉልበታችን ይላጥ ነበር እንጂ የገጨን ነገር አልነበረም። ልጆቹን ወደ መኪና መንገድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህንንም በባለሜዳው ላይ ደመርኩበት።

ዘንድሮ የባለሜዳው ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው፣ ጫታቸውን ይዘው፣ ገበያው ጭር በሚልበት የከሰዓት ሙቀት ሱቄ ገቡ። ልጁ ሜዳውን ሊከፍተው ነው። ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ፣ ለሴቶች ልጆች የራሳቸው ቀን ያለው። የሚፈልገውን ያህል ሮለር ማስመጣት የምችለው ደግሞ እኔ ነኝ።

«አንቺም ልጅ አለሽ። ልጆቹ በባጃጅ ማለቃቸው ነው፤ ቂሙን ተዪውና አፉ በዪ» አሉኝ።

«አባትየው ሜዳው ላይ ቆሞ እውነቱን ይናገር። ያኔ ሮለሩን አመጣለሁ» አልኳቸው።

መጣ። ሽንኩርቱ ወጥቶ ግቢው ታጥቧል፤ አሮጌው ሲሚንቶ ገና አልተነሳም። ከዘራውን ተደግፎ መሐሉ ላይ ቆመ፤ ልጁ፣ ሽማግሌዎቹና ያኔ የከበቡኝ አንዳንዶቹ፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዙሪያውን ቆሙ። እኛ ድሬዎች ትልቅ ሰውንም አንተ ነው የምንለው። እኔ እንዳይቀርበኝ ብዬ እርስዎ አልኩት።

«ቁልፉን እሷ አልወሰደችም» አለ።

«የት ነበር?»

«ከፍራሼ ሥር። የጫቱ ገረባ ሲጠረግ ተገኘ።»

«መቼ?»

መሬት መሬቱን አየ። «በማግስቱ።»

ሳምንት ሙሉ የዘጋው በእጁ ይዞት ነው። ይህን አላውቅም ነበር። «ለምን ታዲያ?» አልኩት።

«አባትሽ ሰው ፊት አፉ በለን ብሎኛል። ትልቅ ሰው ነው፣ አዋርጄዋለሁ። ምን ብዬ ልመልስለት? አፈርኩ።»

«አፈሩ። እሱ ደግሞ እስኪሞት በኔ አፈረ።»

ሽማግሌዎቹ «በቃ፣ አፉ በዪ» አሉ። እዚያ ቆሞ አልልም አይባልም። አፉ ብያለሁ አልኩ፤ በአፌ። ከዚያ ቁልፉን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ከኪሱ አወጣው። ክሩ ነጥቷል፤ ቋጠሮዋ ግን ሁለት ናት።

ሜዳው ተከፍቷል። ልጄ በሴቶች ቀን እዚያ ናት፣ የሚቀድማት የለም። ሮለር ሊገዙ ለሚመጡ ልጆች ቁልፉን አሳያቸዋለሁ፤ ምን እንደሚከፍት ሲጠይቁኝ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጨምሬ። እዚህ ስሙን የተውኩት ለልጁ ብዬ ነው።

ተናግሬ ስጨርስ ቁልፉን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። የማኖረው ከሱቁ ባመጣሁት የአባቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያውን አልቆልፈውም።