የአባቴ እርጥብ ሳር

ቤቴ ውስጥ ለበዓል ሳር አይጎዘጎዝም። ባለቤቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አለርጂ አለባት እያለ ያስረዳልኛል፤ እኔም አላርመውም። ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሥራ ስመለስ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ሴቶች የታጨደ ሳር በእቅፍ በእቅፍ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። የታክሲው መስኮት ክፍት ነበርና ሽታው ገባ። እንደ ሁልጊዜው አፍንጫዬን ይዤ መስኮቱን ዘጋሁት። አለርጂ ከሆነም እንግዲህ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ያለብኝ አለርጂ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ አገር፣ ከጨንቻ የመጣው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ እያለሁ ነው። ቀኑን ሙሉ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ያገሩን ልጆች በግራና በቀኝ አድርጎ ስለሚውል አማርኛው «ስንት ክንድ ይሁን?» እና «ለመቼ ይድረስ?» ከማለት አያልፍም ነበር። እናታችን ታናሽ ወንድሜን አንጁሎን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ አረፈች። እኔ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት፣ ከዚህ ጎረቤት እዚያ ጎረቤት ስል አደግሁ። አንጁሎ ግን አባቴ እግር ሥር፣ በጥጥ ብናኝና በእርጥብ ጭቃ ሽታ መሃል፣ የመወርወሪያውን ድምፅ እየሰማ በጋሞኛ ብቻ አደገ።

ያን ልጅ ያኔ ባያችሁት! አንድ ጊዜ አባቴ ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆን ጥለት ታዘዘ። ጥለቱ ከሁለቱም ጠርዝ ተነስቶ መሃል ላይ እንዲገናኝ ነው የተፈለገው። አባቴ ቆጠረ፣ ሠራ፣ አልገናኝ አለው፣ ፈታው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሠራና ሲፈታ ሰነበተ። አንጁሎ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። በአራተኛው ቀን ከሰል አንስቶ ግድግዳውን በትንንሽ ሳጥኖች ሞላውና፣ በዘጠኝ ክር ሳይሆን በሰባት ጀምር አለው። አባቴ ሳቀ፤ እየሳቀም ጀመረ። መሃል ሲደርስ ጥለቱ አንድ ክር ሳያተርፍ ገጠመ። መወርወሪያውን አስቀምጦ ከጉድጓዱ ወጣና ግድግዳውን ቆሞ አየው። ቤታችን በየዓመቱ ለመስቀል ይለሰን ነበር፤ ያን ግድግዳ ግን አባቴ ዳግመኛ ጭቃ አላስነካውም።

አንጁሎ አንደኛ ክፍል ሲገባ ጉድ ፈላ። በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ተጠይቆ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አማርኛውን እየሰማ፣ ሁሉም እየገባው፣ አፉን እንደ ዘጋ ዓመቱ አለቀ። አስተማሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶባታል፤ ዝም ያለ ልጅ ለሷ ያልገባው ልጅ ነው። ፊደል ካልለዩት ጋር ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሰኔ ላይ ወላጅ ይምጣ ተባለ። ልጁ ደካማ ስለሆነ አንደኛ ክፍልን ይደግማል፤ ካልሆነለትም ካሁኑ ባባቱ ሙያ ቢሰማራ ይሻለዋል ነበር መልእክቱ። ለአባቴ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ግድግዳውን አየና፣ ነገ እንሄዳለን፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ አለኝ።

ድንቄም አስተርጓሚ! አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በአማርኛ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፤ ጠዋት በሰልፉ ላይ ወጥታ የምታነበው እኔው ነኝ። ጓደኞቼ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ነጋዴ ነው ብያለሁ። እርስ በርስ ሲጣሉ «የሸማኔ ልጅ!» ሲባባሉ ሰምቼ ነው እንዲያ ያልኩት። እነሱም አምነውኛል።

በማግስቱ አባቴ ማለዳ ወደ ወንዙ ወርዶ ጤዛው ያልረገፈ ሳር አጭዶ መጣ። አዲሱን ጋቢውን ለበሰ። እሱ ባደገበት አገር ሰዎች ተጣልተው ጦር ቢማዘዙ እንኳ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ መሃላቸው ከቆመ ያቆማሉ። ሳር የያዘ ሰው እስኪጨርስ ይሰማል፤ እሱን ሳይሰሙ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። ይህን እኔም ከሱ አፍ ስሰማ ነው ያደግሁት። ቢሆንም ሳሩን ሳይ በሩን ዘግቼ ቆምኩበት። ተወው አባባ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም አልኩት። አልሰማኝም። አንጁሎን ይዘን ዳገቱን ስንወርድ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚመጡት እናቶች መንገድ ለቀውለት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን፣ ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው ብሎ ሳቀ። ልጆችም ተከተሉን።

ዳይሬክተሩ መነጽር የሚያደርጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ተቀመጡ አሉን። አንጁሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ማየት ጀመረ። አባቴ አልተቀመጠም። ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመና በጋሞኛ ተናገረ። አባቴን እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሳይጮኽ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ልጄን ማሩልኝ ልል አልመጣሁም» አለ። «ስሙልኝ ልል ነው የመጣሁት። የልጄ ምላስ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ከደረሰ ቆይቷል። በምላሱ አትመዝኑት። ቁጥር ስጡትና በእጁ ይመልስ። ካቃተው እኔው ራሴ እጁን ይዤ ወደ ቤት እወስደዋለሁ።»

መስኮቱ ላይ ሦስት የክፍሌ ልጆች ተንጠላጥለዋል። አንዷ ሳሩን በጣቷ እያሳየች አፏን በእጇ ይዛለች። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞረው አባትሽ ምንድን ነው የሚሉት አሉኝ።

«ይቅርታ አድርጉልን ነው የሚለው» አልኩ። «ይድገም ብሏል።»

አባቴን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይህን ሁሉ ተናግረው ይቺው ብቻ ናት?»

«አዎ፣ ይቺው ናት።»

ሳሩስ ለምንድን ነው ሲሉኝ ስጦታ ነው አልኩ። አመስግነው ተቀበሉትና ለዘበኛው ሰጡት። ትንሽ ቆይተን ስንወጣ ዘበኛው በሩ ላይ፣ ጭቃው ላይ ጎዝጉዞት ልጆች ጫማቸውን ይጠርጉበት ነበር። አባቴ ቆሞ አየው። ከዚያ ሳይረግጠው በጎን ዞሮ አለፈ።

መንገድ ላይ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አሉ አልኩት። ሰምተው ነው ወይ አለኝ። ሰምተው ነው አልኩት። ዳገቱን ከፊታችን እየቀደመ ወጣ። ቤት ልንገባ ስንል፣ እዚህ አገር ሳር የያዘ ሰው አይሰማም ማለት ነው አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም ደጅ ለምንም ነገር አልጠናም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ወለምታ ደግሞ የጎዳው የወንድሜን እግር ነው። አንጁሎ አንደኛ ክፍልን ደገመ። ከሱ ያነሱ ልጆች መሃል በቁመቱ እየተሳቀበት ዓመት ገፋ። ግድግዳ ላይ መጻፉንም ተወ። አራተኛ ክፍል ሳይደርስ ደብተሩን አስቀመጠ፤ አባቴ አጠገብም ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረለት። እኔ ተማርኩ። በሁለት መወርወሪያ ድምፅ መሃል እያጠናሁ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዛሬም ቢሮ ውስጥ የወረቀት ማተሚያው ሲሠራ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። ጋቢ የለበሰ ሰው ሳር ይዞ፣ እስክጨርስ ስሙኝ ብሎ የቆመ ይመስለኛል።

አባቴ በታመመ ጊዜ ማስታመሙ የኔ ፈንታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ ስንት ዓመት ያላነሳውን ነገር ድንገት አነሳው። ያን ቀን ምናልባት በደንብ አልተናገርኩም ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ራሱን እንዲያ የሚያሳንስ ሰው አልነበረም፤ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን ራሱ ላይ ሲፈልግ ኖሯል። በደንብ ተናግረሃል አባባ አልኩት። እንግዲያው ልጁን ያላዩት እነሱ ናቸው አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ከሰሉ ሳጥኖች አዞረ። ልነግረው እችል ነበር። አፍ እኮ ነበረኝ፤ ያ በሰልፍ ላይ የሚያነበው አፍ። በዚያው ሳምንት አረፈ። ትልልቆች ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የኔው ነቅዟል።

አንጁሎ ዛሬ በሽሮ ሜዳ የታወቀ ሰው ነው። ባለሱቆቹ አዲስ ጥለት ሲያምራቸው እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። ወገቡን ያመዋል፤ ቀና ለማለት ግድግዳ ይይዛል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶብኝ አያውቅም። ሕፃን ስለነበረ ረስቶታል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል ደወለልኝ። ጨንቻ አያቷ ዘንድ አድጋ ዘንድሮ የመጣችው ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት ገብታለች። አማርኛ ስለማትችል ወደ ታች ክፍል ትውረድ ብለዋልና ነገ አብረሽኝ ሂጂ አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ልጅቷን ይዘን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አንጁሎ አጥሩ ሥር እንደ ምንም ጎንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ ሳር ነጨና እጄ ላይ አደረገው።

«አንቺ ይህን ያዢ» አለኝ። «ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አግዳሚው ጫፍ ላይ እግሩን እያየ የተቀመጠው ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማ ነበር። አባቴ ያለውንም፣ እኔ ያልኩትንም።

ዳይሬክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ተነስታ ተቀበለችን። አንጁሎ አልቀመጥም አለ። በጠራ አማርኛ፣ ልጄን ማሩልኝ ልል አልመጣሁም ብሎ ጀመረ። የልጄ ምላስ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጭንቅላቷ ግን ከደረሰ ቆይቷል አለ። በምላሷ አትመዝኗት፣ ቁጥር ስጧትና በእጇ ትመልስ፣ ካቃታት እኔው ራሴ እጇን ይዤ ወደ ቤት እወስዳታለሁ አለ። የአባቴን ንግግር አንድ ክር ሳያጎድል መለሰው። ዳይሬክተሯ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቁጥሮች ጻፈችና ለልጅቷ ጠመኔ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ሁሉንም ሠርታ ዞር ብላ አባቷን አየች። ክፍሏን አታጣም ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ያኔም ይህን ያህል ቀላል ነበር ማለት ነው።

ስንወጣ አላስችል አለኝ። አንጁሎ፣ ያን ጊዜ እኮ ብዬ ጀመርኩ።

«አባባ ሳያውቅ ነው የሞተው» አለኝ። ከዚያ የልጁን እጅ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

ሊያጽናናኝ ይሁን ሊፈርድብኝ እስካሁን አላወቅሁም። ሳሩን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አለርጂዬን አስታውሶ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። ጠረጴዛው ላይ ነው። ደርቋል፤ አልጣልኩትም።