በአያቴ ስም የመጣው ኢሜይል

ኢሜይሌን የከፈተ ሰው ጂግጂጋ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ተራ ሰው አልመስለውም። ስንት ሎተሪ ሳልቆርጥ ወጥቶልኛል! ስንት ባሏ የሞተባት ሀብታም ውርሷን ላካፍልህ ብላ ለምናኛለች! ሌላ ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔን ግን ደሜን ነበር የሚያፈላው። የሱቄ ኢንተርኔት በቀን አንድ ሰዓት ከመጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ያችኑም ሰዓት ይሄ ቆሻሻ ይበላታል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሁለቱም ጆሮዎቿ መግል እያወጡ፣ መስማቷ ከወር ወር ይቀንስ ነበር። የሚያክማት ሐኪም እንደ ወንድም የለመድነው ሰው ነው። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ለጥቂት ልጆች በነፃ ቀዶ ጥገና እንደሚያደርጉ ነግሮኝ ፎርሙን አብረን ሞላን። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ።

«መልሱ በኢሜይል ይመጣል፤ ቶሎ ቶሎ እየከፈትክ እይ» አለኝ። በምን እንደምከፍተው ሳላስብ እሺ አልኩ።

በዚያው ሳምንት መስመሩ ጭራሽ ሞተ። የስልኩ ዳታም ከእሱ አይሻልም። ወደ ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ቢሮ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆንኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ችግሬን ስነግረው በሶማልኛ «ሀዬ፣ ሀዬ» ይላል። እኔም እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። በአራተኛው ቀን ከሱቄ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሳቀችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሀዬ እኮ ሰማሁህ ነው። እመጣለሁ ያለህ መሰለህ እንዴ? ወላሂ፣ እስከ ረመዳን ትጠብቃለህ!»

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ባቢሌ ሄድኩ። እዚያ ዳታ ይሠራል ብለውኝ ነበር፤ እውነትም ሠራ። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ስከፍተው የሳምንቱ መልእክት ሁሉ ተንጋጋ። የስልኬ ባትሪ እያለቀ ነው፤ እኔም እየተጣደፍኩ አጠፋለሁ። በስሜ የጠራኝን አነባለሁ፣ የማያውቀኝን እደመስሳለሁ። መሃል ላይ አንዱ በእንግሊዝኛ «የተከበሩ አቶ» ብሎ አያቴን ጠራው። አያቴን! ፊደል ሳይቆጥር ኖሮ እኔ ሳልወለድ የሞተውን ሰውዬ! የዘንድሮ ሌባ ደግሞ መቃብር መቆፈር ጀመረ ብዬ ደመሰስኩት። ለልጄ የመጣ ነገር የለም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ደወለልኝ። ተቆጥቷል።

«ለምንድነው መልስ የማትሰጣቸው? ጽፈውልሃል እኮ!»

«ማንም አልጻፈልኝም» አልኩት።

«በአያትህ ስም የመጣ ነገር አላየህም? ፈረንጅ እኮ ሰውን የሚጠራው በመጨረሻው ስሙ ነው» አለኝ።

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአያት ስም የሚያስፈልገው ለመታወቂያ ነው። የፈረንጁን ልማድ ማን አስተማረኝ?

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ባቢሌ ወረድኩ። የደመሰስኩትን ከተጣለበት አውጥቼ አነበብኩት። ልጄ ተመርጣለች። እንደምትመጡ እስከ ዓርብ አረጋግጡልን ይላል። ያ ዓርብ ካለፈ አራት ቀኑ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለመንኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጅቷ አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ አዝነናል፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፣ እንደገና መቼ እንደምንመጣ አናውቅም። ለዚያች ለሌላዋ ልጅ እንኳን ደረሳት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

ልጄ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አፌን አፌን ታያለች። ሰሞኑን ሰው ሲያወራ ከንፈሩን እያየች መረዳት ጀምራለች፤ ማንም አላስተማራትም።

አፌን በእጄ ሸፍኜ ለሚስቴ ነገርኳት።